ፋይሉ እያለ «የለም» የሚል ማሽን፦ በማክ ላይ ክሮስ ኮምፓይለር የተከልኩበት መንገድ

ባለ 32 ቢት የኤአርኤም ፕሮሰሰር ባለውና ዴቢያን ሊኑክስ በተጫነበት አነስተኛ ሰሌዳ ላይ መሥራት የነበረበት፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ፕሮግራም ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ ራሱ ኮምፓይል ሳደርግ (የጻፍኩትን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ስቀይር) ትንንሾቹ ፋይሎች ያልፋሉ፤ ትልልቆቹ ላይ ሲደርስ ግን 512 ሜጋባይቱ ሚሞሪ ያልቅና የሊኑክሱ እምብርት የሆነው ከርነል ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። ስለዚህ ሥራውን ወደ ዴስክቶፑ፣ ማለትም ወደ ማኩ ማዛወር ግድ ሆነ። በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ እየሠራ ለሌላ ዓይነት ማሽን የሚሆን ፕሮግራም የሚያወጣ ኮምፓይለር ክሮስ ኮምፓይለር ይባላል። ይህን የምጽፈው ያንን ለመትከል ተነሥታችሁ መሃል መንገድ ላይ ለቆማችሁ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ሥራ የጎደለ ነገር ብዙም አያስቸግርም፤ ጮኾ ያስታውቃልና ትሞሉታላችሁ። የሚያስቸግረው በማይገባው ቦታ የተገኘ ነገር ነው። የሰሌዳውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን የተዘጋጀ ኮድ) ፍለጋ የወጣ ስክሪፕት የማኩን ያገኝና ደስ ብሎት ይቀጥላል። ስህተቱም የሚታየው ከብዙ እርምጃ በኋላ፣ ከምክንያቱ ርቆ፣ ሌላ ስም ይዞ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ጣጣ የዚሁ የአንዱ ነገር ልዩ ልዩ መልክ ነው።

ደግሞም ኮምፓይለሩን ከምንጭ ኮዱ መገንባት በእርግጥ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ዴስክቶፓችሁ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ከሆነ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ለኤአርኤም ተዘጋጅቶ በአንድ የመጫኛ ትእዛዝ ይገኛል፤ ይህን ጽሑፍ ዘግታችሁ ወደ ሥራችሁ ብትሄዱ አልቀየማችሁም። አርም ኩባንያም ተሠርተው ያለቁ ኮምፓይለሮችን በነፃ ያወጣል። ክላንግ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር ደግሞ አንዱ ፕሮግራም ለብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር ኮድ ማውጣት ስለሚችል፣ የሚፈልገው የተሠሩትን ቁርጥራጮች አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያያይዝ ተስማሚ ሊንከር፣ የዒላማውን ማሽን ላይብረሪዎችና እነሱን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቁ ሄደር ፋይሎች ነው። ማኩ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ከፍቶ ሊኑክስ ውስጥ መሥራትም የሚናቅ መንገድ አይደለም። እኔ ወደ ግንባታው የገባሁት በሰሌዳው ላይ ካለው ጂሲሲ ጋር ቨርዥኑ አንድ የሆነ፣ በቀጥታ ማኩ ላይ የሚሠራ ኮምፓይለር ስለፈለግሁ ነው። ትንሽ ግትርነትም ነበረበት።

የመጀመሪያው መሰናክል ከኮምፓይለር ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የዲስክ ጉዳይ ሆነ። የማክ ዲስክ ሌላ ምርጫ ካልተሰጠው በቀር በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ግን ይለያል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ነገሩ ቶሎ አይታሰበንም። በሊኑክስ ከርነል የኔትፊልተር ክፍል ውስጥ ግን በዚህ ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ጥንድ ሄደር ፋይሎች አሉ። እነሱን ወደ ማኩ ስትገለብጡ ኋላ የመጣው ፊት የነበረውን ይተካዋል፤ የሚያስጠነቅቃችሁም የለም። በኋላ አንድ ስም እንዳልተገለጸ የሚናገር ስህተት ሲመጣ ፋይሉን ትከፍታላችሁ፤ ፋይሉ አለ፣ ይዘቱ ግን የወንድሙ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከባዱ መኖሩን ማወቅ ነው። ዲስክ ዩቲሊቲ በተባለው የማክ ፕሮግራም ውስጥ አዲስ የዲስክ ምስል ፍጠሩ፤ ፎርማቱን ሲጠይቃችሁ ፊደል የሚለየውን ምረጡ፤ ዓይነቱን ደግሞ ስፓርስ አድርጉት፤ እንዲህ ሲሆን ቦታ የሚይዘው በሞላ ቁጥር ብቻ ነው። ጣሪያውን 20 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ብታደርጉት መሃል ላይ አትጨናነቁም። ከዚያ ምንጭ ኮዱም፣ ግንባታውም፣ የተጠናቀቀው ኮምፓይለርም እዚያው ውስጥ ይኑሩ። ለዲስኩና ለፎልደሮቹ ክፍተት የሌለበት ስም ስጡ፤ ሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ ክፍተት ባየ ቁጥር ስሙን ለሁለት ይቆርጠዋል። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም፤ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን ዳብሊውኤስኤል ተጠቅማችሁ፣ ሥራችሁን በሲ ዲስክ ላይ ሳይሆን በሊኑክሱ በራሱ የፋይል ሥርዓት ውስጥ አድርጉት። ከፊደሉም ሌላ ፍጥነቱ ሰማይና ምድር ነው። በዊንዶውስ ኤዲተር ተከፍቶ የተቀመጠ የሼል ስክሪፕትም በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ተጨማሪ ምልክት ሊይዝ ይችላል፤ አስተርጓሚው አልተገኘም የሚል ግራ የሚያጋባ መልእክት ከመጣ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ የመሣሪያዎቹ ነገር። ማክ ይዞት የሚመጣው ሜክ ቨርዥን 3.81 ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2006 ምርት ማለት ነው። ባሽ የተባለው ሼልም 3.2 ነው፣ ያው የ2006። ከዚያ በኋላ የመጡት ቨርዥኖች ፈቃዳቸው ስለተቀየረ አፕል እዚያው ላይ ቆመ። ሴድና መሰሎቹ የጽሑፍ መሣሪያዎች ደግሞ ቢኤስዲ ከተባለው የዩኒክስ ዘር የመጡ ስለሆኑ አንዳንድ ምርጫቸው ከሊኑክሶቹ ይለያል። ጂሲሲ ብላችሁ ስትጠሩ አቤት የሚላችሁም ክላንግ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ የተለመዱትን የግኑ ፕሮጀክት ሜክ፣ ሴድ፣ አውክና ባሽ ሆምብሩ በተባለው የማክ የፕሮግራም መጫኛ አማካይነት አስገቡና ለግንባታው ብቻ በሚከፈት ተርሚናል ውስጥ ከማኮቹ አስቀድሙ። በዚያ ተርሚናል ውስጥ የላይብረሪና የሄደር መፈለጊያ መንገድ የሚያመለክቱ የአካባቢ ተለዋዋጮችን በሙሉ አጥፉ። አብዛኛው ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ ከዓመታት በፊት በሼል ማስጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ የጻፈው፣ ጨርሶ የረሳው አንድ መስመር አይጠፋም።

ግንባታውን የሚያዘጋጀው ኮንፊገር የተባለው ስክሪፕት ስለ ሦስት ማሽኖች ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ቢልድ ግንባታው የሚካሄድበት ማሽን ነው። ሆስት የሚገነባው ፕሮግራም የሚሮጥበት ማሽን ነው። ታርጌት ትርጉም የሚኖረው የምትገነቡት ነገር ራሱ ኮምፓይለር ወይም ሊንከር ሲሆን ብቻ ነው፤ እሱ ኮድ የሚያወጣለት ማሽን ማለት ነው። ጂሲሲን ስትገነቡ ሆስቱ ማኩ፣ ታርጌቱ ሰሌዳው ነው። ጂሲሲው አልቆ በእሱ አንድ ላይብረሪ ለሰሌዳው ስትገነቡ ግን ሆስት ብላችሁ የምትሰጡት ሰሌዳውን ነው። በዚህ ቦታ ታርጌት ብቻ ብላችሁ ከሰጣችሁት ስክሪፕቱ በትሕትና ይቀበላችሁና ለማኩ የሚሆን ላይብረሪ ሠርቶ ያስረክባችኋል። ግንባታው በሰላም ያልቃል፤ ጉዱ የሚወጣው ሊንከሩ የፋይሉን ዓይነት አላውቀውም ሲል ነው።

ወደ ግንባታው ልግባ። በየመመሪያው የምታገኙት ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦ መጀመሪያ አሰምብለሩንና ሊንከሩን የያዘው ቢንዩቲልስ፣ ቀጥሎ የከርነል ሄደሮች፣ ከዚያ ያለ ሲ ላይብረሪ የሚሠራ ግማሽ ጂሲሲ፣ በእሱ የሚገነባው ግሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ፣ በመጨረሻም ሙሉው ጂሲሲ። ነገሩ ዶሮዋና እንቁላሏ ነው፤ የሲ ላይብረሪውን ለመገንባት ኮምፓይለር ያስፈልጋል፣ ኮምፓይለሩም ለመሟላት የሲ ላይብረሪውን ይፈልጋል። ክሮስቱል ኤንጂ የተባለው መሣሪያ ይህን ሰንሰለት በሙሉ በራሱ ያካሂዳል፤ ሊኑክስ ላይ ላላችሁ ከልቤ እመክረዋለሁ። ማክ ላይ ግን ግሊብሲው ጋ ሲደርስ አቀበቱ ይበረታል፤ አንዱን ስህተት ስትሻገሩ ሌላው ይጠብቃችኋል።

ለእኔ ነገሩ የተገለበጠው እዚያ ግሊብሲ ላይ ተጣብቄ ሳለሁ ነው። ሰሌዳው እኮ ግሊብሲ አለው! ሥራውን እየሠራበት ያለ፣ ፕሮግራሜም ነገ የሚሮጥበት ያው ግሊብሲ። እኔ ማኩ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ለመገንባት የምደክመው ለምንድን ነው? የሰሌዳውን የላይብረሪና የሄደር ፎልደሮች እንዳሉ ገልብጦ ማምጣትና ጂሲሲን ከእነሱ ጋር ማስተዋወቅ ይበቃል። እንዲህ ያለው የዒላማው ማሽን ቅጂ ሲስሩት ይባላል። ከዚህ በኋላ የግማሽ ጂሲሲው ደረጃ ቀረ፤ የግሊብሲ ግንባታ ቀረ፤ የቨርዥን ልዩነት ጭንቀትም ቀረ። ዒላማችሁ ሊኑክስ የሚሮጥበትና በእጃችሁ ያለ ማሽን ከሆነ ሌላ መንገድ ለመሞከር እንኳ አትቸኩሉ።

የቅጂውን ሥራ የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከመገልበጣችሁ በፊት የሲ ላይብረሪው የግንባታ ጥቅልና ፕሮግራማችሁ የሚጠቀምባቸው ሌሎች ላይብረሪዎች የግንባታ ጥቅሎች ሰሌዳው ላይ መጫናቸውን አረጋግጡ፤ ያለ እነሱ ሄደሮቹም የማስጀመሪያ ፋይሎቹም አይገኙም። ሁለተኛው የሲምቦሊክ ሊንኮች ጉዳይ ነው። ሰሌዳው ላይ ብዙ ላይብረሪዎች ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙ ሊንኮች ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ከዲስኩ ሥር ከራሱ ጀምረው ሙሉ አድራሻ ይጠቅሳሉ። ማኩ ላይ ሲደርሱ ያ አድራሻ የሚያመለክተው የማኩን ሥር ነው። ወይ ባዶ ላይ ይጠቁማሉ፣ ወይ ደግሞ የባሰው፣ የማኩን ፋይል ይጠቁማሉ። አጭር ስክሪፕት ጽፋችሁ ሙሉ አድራሻ ያላቸውን ሊንኮች ፈልጉና ሲስሩቱን ሳይለቁ እንዲጠቁሙ ወደ አንጻራዊ አድራሻ ቀይሯቸው። ከሰሌዳው ዳግመኛ በገለበጣችሁ ቁጥር ስክሪፕቱም ዳግመኛ ይሩጥ።

የጂሲሲ ግንባታ ራሱ፣ ዝግጅቱ ከተስተካከለ፣ ያን ያህል አያስፈራም። ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአርና ኤምፒሲ የተባሉ ሦስት የሒሳብ ላይብረሪዎች ያስፈልጉታል፤ በምንጭ ኮዱ ውስጥ ያለው የማውረጃ ስክሪፕት ተስማሚ ቨርዥኖቻቸውን አምጥቶ ቦታቸው ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ በእጃችሁ አታሳድዷቸው። ምንጭ ኮዱ ባለበት ፎልደር ውስጥ አትገንቡ፤ ለብቻው ባዶ ፎልደር ከፍታችሁ ከዚያ ሆናችሁ ጥሩት። ሲበላሽም ያንን ፎልደር ሰርዛችሁ እንደገና ጀምሩ፤ የግማሽ ግንባታ ቅሪት ላይ አዲስ ምርጫ መደረብ የማይፈታ እንቆቅልሽ ይፈጥራል። ቢንዩቲልስና ጂሲሲ የመጫኛ ቦታቸው፣ የታርጌት ስማቸውና ሲስሩታቸው ፍጹም አንድ ይሁን።

ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሮጥ ካደረጋችሁ ግንባታው ሲወድቅ ተርሚናሉ ላይ የምታዩት የመጨረሻ መስመር ምንም አይነግራችሁም፤ ሜክ ስህተት ገጠመኝ የሚል ብቻ ነው። እውነተኛው ስህተት ብዙ መስመሮች ወደ ላይ፣ ከሌሎች ሥራዎች መልእክት ጋር ተደባልቆ ተቀምጧል። አንድ ሥራ ብቻ እንዲሮጥ አድርጋችሁ ድገሙት፤ መጀመሪያ የሚመጣውን ስህተት አንብቡ። ኮንፊገር ላይ ከወደቀ ደግሞ እያንዳንዱ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ስክሪፕቱ የሞከረውን ሁሉ የሚመዘግብበት ሎግ አለ። መልሱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እዚያ ነው፤ የስህተቱን የመጨረሻ መስመር ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ግን የሌላ ሰው ችግር ያመጣላችኋል።

የእኔ ግንባታ የወደቀበት አንዱ ቦታ ለዴቢያን ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ልንገራችሁ። ሊንከሩ የፕሮግራም ማስጀመሪያ የሆነውን ትንሽ ፋይል አላገኘሁም አለ። ፋይሉ ሲስሩቱ ውስጥ አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ዴቢያን የብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይብረሪዎች አብረው እንዲኖሩ ብሎ ላይብረሪዎቹን በማሽኑ ስም በተሰየመ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ጂሲሲ እዚያ ውስጥ የሚያየው መልቲአርክ የተባለው ምርጫ ሲከፈትለትና የታርጌት ስሙ ከዴቢያኑ ጋር ሲመሳሰል ነው። ፋይሉን ገልብጣችሁ ጂሲሲ በሚያይበት ቦታ በማስቀመጥ ብትሸነግሉት ያንን ስህተት ታልፉና ቀጣዩ ላይብረሪ ላይ ያው ይደገማል። ምርጫውን አስተካክላችሁ እንደገና መገንባት ይሻላል።

በመጨረሻ ኮምፓይለሩ ተሠራ፤ ሰላምታ የሚያትመውን አጭር ፕሮግራም ኮምፓይል አድርጌ ወደ ሰሌዳው ላክሁና ብሮጠው ሼሉ እንዲህ ያለ ፋይል የለም አለኝ። ፋይሉ ግን አለ። ዝርዝሩ ያሳየዋል፤ የማስኬድ ፈቃድም አለው። ይህ መልእክት ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ስለሆነ በደንብ ላብራራው። የለም የተባለው ፕሮግራሙ አይደለም። ላይብረሪዎቹን ከሌላ ቦታ የሚጭን ማንኛውም የሊኑክስ ፕሮግራም፣ መጀመሪያ የሚጠራውን የጫኚ ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ በውስጡ ይዟል። ከርነሉ ያንን ጫኚ ፈልጎ ሲያጣ የሚመልሰው ያንኑ መልእክት ነው፤ ሼሉም የፕሮግራማችሁን ስም ከፊቱ ለጥፎ ያትመዋል።

ጫኚው የጠፋው ለምንድን ነው? ባለ 32 ቢት ኤአርኤም ላይ ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ወደ ፈንክሽን የሚተላለፉበት ሁለት የተለያየ ስምምነት አለ። አንደኛው በተለመዱት ሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ማኖሪያዎች)፣ ሁለተኛው ለእነሱ በተለዩ ሬጅስተሮች ያሳልፋቸዋል፤ ሁለተኛው ሃርድ ፍሎት ይባላል። ሁለቱ የየራሳቸው ጫኚ አላቸው፤ ስሙም ይለያል። የእኔ ሰሌዳ ሃርድ ፍሎት ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈው ግን የመጀመሪያው ዓይነት ጫኚ ነበር። ሪድኤልፍ የተባለው የቢንዩቲልስ መሣሪያ ይህን ባንድ ትእዛዝ ያሳያችኋል። ጂሲሲን ስትገነቡ የፕሮሰሰሩን ትውልድ፣ የፍሎት ክፍሉን ዓይነትና ሃርድ ፍሎት መሆኑን በግልጽ ስጡት። የዴቢያን ሃርድ ፍሎት ስሪት ኤአርኤም ቨርዥን 7ን መነሻ ያደርጋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ ፕሮሰሰር ግን ቨርዥን 6 ነው። ለ7 የተዘጋጀ ፕሮግራም እሱ ላይ ብትሮጡ ጫኚው ተገኝቶ እንኳ የማይታወቅ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ገጠመኝ ብሎ ይሞታል።

ስለዚህ የሠራችሁትን ወደ ሰሌዳው ከመላካችሁ በፊት ማኩ ላይ ሳላችሁ በሪድኤልፍ ሦስት ነገር እዩ፤ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሠራ፣ የትኛውን ጫኚ እንደሚጠራ፣ የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጠይቅ። ከማኩ ላይ ለሙከራ በኬሙ የማስመሰያ ፕሮግራም መሮጥ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ነጠላ የሊኑክስ ፕሮግራምን የሚያስኬደው የኬሙ ስልት ማክ ላይ አይሠራም፤ ሊኑክስ ላይ ግን ግሩም ነው።

ተዘጋጅቶ ያለቀ ኮምፓይለር የምትጠቀሙ ሰዎች ከዚህ ይልቅ የሚገጥማችሁ የግሊብሲ ቨርዥን አልተገኘም የሚል መልእክት ይሆናል። ሕጉ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ በአሮጌ ግሊብሲ የተሠራ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ይሮጣል፣ በአዲሱ የተሠራው በአሮጌው ላይ አይሮጥም። በተለይ በነሐሴ 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው 2.34 ትልቅ ድንበር ነው። የፕሮግራም ማስጀመሪያው ፈንክሽን በዚያ አዲስ ቨርዥን ስለተሰጠው፣ ምንም የማይሠራ ባዶ ፕሮግራም እንኳ ከዚያ ወዲህ ባለው ግሊብሲ ከተሠራ ከዚያ በፊት ባለው ላይ አይነሣም። የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪውም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ኮምፓይለራችሁ ከሰሌዳው ጂሲሲ ይልቅ አዲስ ከሆነ ያንን ላይብረሪ ፕሮግራሙ ውስጥ በስታቲክ መልክ መክተት ይገላግላችኋል።

ሰላምታው ከታተመ በኋላ ትልቁን ፕሮግራም ሳስነሣ፣ መጀመሪያ ላይ ያልኩት በሽታ ሙሉ መልኩን ይዞ መጣ። ላይብረሪ የት እንዳለ የሚነግረው ፒኬጂ ኮንፊግ ማኩ ላይ በሆምብሩ የገቡትን ላይብረሪዎች አድራሻ እየጠቆመ ነበር። ሄደሮቹ ስለሚመሳሰሉ ኮምፓይሉ ያልፋል፤ ሊንከሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ያም ዕድለኛ ስትሆኑ ነው። ከሄደሮቹ አንዱ የአንድን መዋቅር መጠን ለማኩ በሚስማማ መልክ ገልጾት ከሆነ ፕሮግራሙ ተሠርቶ ያልቅና ሰሌዳው ላይ ትርጉም የለሽ ቁጥር ያትማል። ፒኬጂ ኮንፊግ የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በሙሉ በሲስሩቱ ፎልደሮች ተኩ። አዲስ መንገድ የሚጨምረውን ተለዋዋጭ ሳይሆን ነባሩን የሚተካውን ተጠቀሙ፤ የሁለቱ ስም ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይይዝና የማኩ አድራሻ እዚያው ተደብቆ ይቀራል። ሲሜክ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ የክሮስ ኮምፓይለሩን ዝርዝር በሚይዘው በቱልቼይን ፋይሉ ውስጥ ላይብረሪና ሄደር ከሲስሩቱ ብቻ፣ በግንባታው ጊዜ የሚጠሩ ፕሮግራሞች ግን ከማኩ ብቻ እንዲፈለጉ ግለጹ። የሲስተሙንም ስም መጻፍ አትርሱ፤ ያለ እሱ ሲሜክ ለሌላ ማሽን እየሠራ መሆኑን አያውቅም።

አንዳንድ ላይብረሪ ደግሞ ኮንፊገር ሲደረግ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ በማስኬድ የማሽኑን ጠባይ ይፈትሻል። ለሰሌዳው የተሠራ ፕሮግራም ማኩ ላይ ስለማይሮጥ ወይ ይቆማል ወይ ይገምታል። ሲቆም መልሱን በተለዋዋጭ መልክ አስቀድማችሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ ስሙን ከሎጉ ታገኙታላችሁ። መልሱን ከማኩ አትውሰዱ፤ ያንኑ ፍተሻ ሰሌዳው ላይ ሮጣችሁ እውነተኛውን አምጡ።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ የኮንፊገር ትእዛዞቻችሁን በሙሉ በአንድ ስክሪፕት ጻፉ፤ የወረዱትን የምንጭ ኮድ ጥቅሎችም አብራችሁ አስቀምጡ። ሲስሩቱ ኮምፓይለሩ ከተጫነበት ፎልደር ሥር ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ ጂሲሲ የሚፈልገው ከራሱ ቦታ ተነሥቶ ስለሆነ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ወይም ወደ ሌላ ማክ ልታዛውሩት ትችላላችሁ። ከውጭ ካስቀመጣችሁት ግን አድራሻው ተቸንክሮ ይቀራል። የዲስክ ምስሉም ማኩ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር ዳግመኛ መከፈት አለበት፤ ኮምፓይለሩ ድንገት ከጠፋ መጀመሪያ እሱን እዩ። ሰሌዳው ላይ ዴቢያኑን ወደ አዲስ ቨርዥን ብታሳድጉት፣ በአሮጌው ሲስሩት የምትሠሩት ፕሮግራም የሚጠራቸው ላይብረሪዎች በቀድሞ ስማቸው እስካሉ ድረስ መሮጡን ይቀጥላል፤ ሲስሩቱን እንደገና መገልበጥ የሚያስፈልጋችሁ ከአዲሶቹ ላይብረሪዎች አንዱን ስትፈልጉ ነው።